ጀርባውን ለሜዳው የሰጠ ሰው

ገደ ቢስ የሌለው ክለብ በዓለም ላይ የለም። ዋንጫ የሌለው ሞልቷል፣ የራሱ ሜዳ የሌለውም አለ፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍን በረኛ ያለውም አይጠፋም፤ ገደ ቢስ የሌለው ግን ገና አልተፈጠረም። ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ቡድኑ ሁለት ለባዶ እየመራ ሳለ ከች ይላል፤ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ጎል ይገባል። በደንብ ካወቃችሁት ደግሞ ይህንንም ታስታውሳላችሁ፦ ገደ ቢስ መሆኑን መጀመሪያ የነገራችሁ ራሱ ነው።

የዱቄት ፋብሪካው ክለብ ገደ ቢስ፣ ክቡር ልብስ ሰፊው ናቸው። “ናቸው” የተባለው ለማዕረጋቸው ክብር ነው፤ ከዚህ በኋላ እንደ ቤተሰቡ “እሱ” ብንለው አይቀየምም።

ከተማው ሁለት ፋብሪካ አለው፤ አንዱ ዱቄት ይፈጫል፣ ሌላው ሲሚንቶ ያመርታል። ሁለቱም ክለብ አላቸው። የሁለቱም ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ በአቧራ ተለውሰው ስለሆነ ከሩቅ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ቀረብ ስትሉ አንዱ ነጭ ነው፣ ሌላው ግራጫ፤ ማልያቸውም እንደዚያው ነው። ለዚህችው የቀለም ልዩነት ሁለት ትውልድ ተኮራርፏል፣ እጮኝነት ፈርሷል፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር ሰላምታ አቁሟል። ሲሚንቶዎች “ዱቄት እናደርጋችኋለን!” ብለው ሲፎክሩ፣ ዱቄቶች “ድሮስ ምን ነን?” ብለው ይመልሳሉ። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ሰው የሚስማማበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

የልብስ ሰፊው የሥራ ጎረቤት፣ ሰዓት ሠሪው፣ ሲሚንቶ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ የታላቅ እህቱ ባል ነው፤ “ጋሼ” ይለዋል። ሁለቱ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ መሀሉ በቺፑድ ተከፍሏል። ወዲያ ማዶ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፣ ወዲህ ሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ቺፑዱ ጣሪያው ድረስ ስለማይደርስ ስድቡ ያለ ችግር ያልፋል። እህትየው “ባሌንና ወንድሜን ያስማማልኝ ሽማግሌ አይደለም፣ ቺፑድ ነው” ትላለች።

ሰዓት ሠሪው በሰፈሩ የታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በእጁና በአፉ። እጁ የማያድነው ሰዓት ጥቂት ነው፤ አፉ ደግሞ ውሸት አይሆንለትም። የአባቷን ሰዓት ይዛ የመጣች ሴት “ይነሳል?” ብላ ዓይን ዓይኑን ስታየው፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ነቅሎ “ሞቷል እናቴ” ይላታል። በዚህ አፉ ያስቀየመው ደንበኛ ብዙ ነው።

ልብስ ሰፊው ግን ይህን አፍ ይፈልገዋል። ዓይኑ ሩቁን ቢያይም ቅርቡን ማየት ከተወ ቆይቷል። መርፌው ላይ ክር የምታስገባለት ሚስቱ ናት፤ ቀለም ሲጠፋበት ደግሞ የክር ጥቅሉን በቺፑዱ በላይ ያወጣና “አንተ፣ ይሄ ጥቁር ነው ሰማያዊ?” ይላል። ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ “ሰማያዊ” ይላል። ነገሩ በዚያው ይዘጋል፤ ሱሪው በሰማያዊ ይሰፋል።

ወደ ገደ ቢስነቱ እንመለስ። ልብስ ሰፊው አንዲት አባባል አለችው፤ “እኔ እያለሁ!” የምትል። “ዛሬ ታሸንፋላችሁ?” ሲሉት “እኔ እያለሁ!” ይላል። “አጥቂያችሁ እኮ ጥሩ ነው” ሲሉት “ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ!” ይላል። ሲናገራት ፊቱ ያዝናል፣ ድምፁ ግን ትንሽ ከፍ ትላለች። ሰዓት ሠሪው ይህችን ከፍታ ከብዙ ዓመት በፊት አስተውሏታል።

ማስረጃው ብዙ ነው። የሠርጉ ዕለት ሁለቱ ክለቦች ይጫወቱ ነበር። ሚዜው በደረት ኪሱ ትንሽ ሬዲዮ ይዟል፤ ሙሽሮቹ ቀለበት እስኪያደርጉ ድረስ ዱቄት ይመራል። ሙሽራው አላስችል ብሎት ጆሮውን ወደ ሚዜው ኪስ ጠጋ አደረገ። ሲሚንቶ አገባ። “አይሆንም፣ በአጋጣሚ ነው” ብሎ ደገመ። ሲሚንቶ ደገመ። ሙሽራው እንባውን መቆጣጠር አቃተው፤ እንግዶቹ “እንዴት ቢወዳት ነው!” ተባባሉ። እህትየው ያንን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ለጠያቂ አትናገርም።

ዋናው ማስረጃ ግን ሆስፒታል ውስጥ ነው የተገኘው። ትርፍ አንጀቱ ተቆጥቶ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ በዚያው ሰዓት ዱቄት በታሪኩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዋንጫ በላ። ደጋፊዎቹ ዋንጫውን ይዘው አልጋው ድረስ መጡ። “እግዜር ይማርህ” አሉት፣ ትራሱን አስተካከሉለት፣ ውኃ አጠጡት። ከዚያ አንደኛው ጎንበስ ብሎ በጆሮው “ለመሆኑ ሌላ የሚወጣ ነገር የለህም?” አለው።

ከሆስፒታል ሲወጣ የወሰነው ውሳኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጸና። ቤት መቅረት አልሆነለትም፤ ክለቡን ይወዳላ! ስለዚህ ከላይኛው መቀመጫ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። ጀርባው ለሜዳው፣ ፊቱ ለግድግዳው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ግንቡን ያያል። ዝናብ ሲዘንብ ግንቡን፣ ፀሐይ ሲወጣ ግንቡን። ጨዋታውን በጆሮው መከታተል ለመደ፤ ሰው ትንፋሹን ሲስብ “የማዕዘን ምት” ይላል፣ እናት ሲሰደብ “ዳኛው ነው” ይላል፤ አይሳሳትም። ዱቄት ሲያገባ ሰዎች ትከሻውን ይዘው ያዞሩታል። እሱ ሲዞር ኳሷ ከመረቡ ውስጥ ተኝታለች፣ ልጆቹ ተቃቅፈዋል። ስትገባ ግን አንዷንም አላያትም።

አንድ ጊዜ ሰዓት ሠሪው “አይቆጭህም ጋሼ?” ብሎ ጠይቆት ነበር።

“ምን ይቆጨኛል?” አለ ልብስ ሰፊው። “እኔ ባልዞር ትገባ ነበር? እነሱ በእግራቸው ያገባሉ፣ እኔ በጀርባዬ።”

ሰዓት ሠሪው በዚህ ንግግር ለሳምንት ያህል ሳቀ። ለሚያውቀው ሲሚንቶ ሁሉም ነገረ።

ዘንድሮ ታዲያ ጀርባውም አላዋጣም። ዱቄት ከደረጃው ግርጌ ሆኖ ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፈ ይተርፋል፤ አቻ ከወጣ ወይም ከተሸነፈ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል። ተጋጣሚው ማን መሰላችሁ? ሲሚንቶ። ሲሚንቶዎች ለራሳቸው የሚያሰጋቸውም የሚያጓጓቸውም ነገር አልነበረም፤ የጎረቤታቸውን ቀብር ለማየት ብቻ ሳምንቱን እንቅልፍ አጡ።

ሐሙስ ዕለት የዱቄት ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ከሁለት ሰዎች ጋር ልብስ ሰፊው ዘንድ መጣ። ሊቀመንበሩ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ያለ ማኅተም ሰላምታም አይሰጥም። ቆመና ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሰዓት ሠሪውም ከቺፑዱ ወዲህ መፍቻውን አስቀምጦ አደመጠ።

“ጉዳዩ፦ የገደ ቢስ ዝውውርን ይመለከታል። የተከበሩ ደጋፊያችን ሆይ! ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት ጀርባዎን ለሜዳው በመስጠት ላበረከቱት አገልግሎት ማኅበሩ ከልብ ያመሰግናል። ሆኖም ጀርባ መስጠት ብቻውን በቂ ሆኖ ባለመገኘቱ፣ ከእሑድ ጀምሮ ወደ ሲሚንቶ ደጋፊነት ተዛውረው፣ ግራጫ ለብሰው፣ ፊትዎን ወደ ሜዳው አዙረው፣ እነሱን ከልብ እንዲደግፉ ተወስኗል። ዱቄት ካሸነፈ ዝውውሩ የዕድሜ ልክ ይሆናል።”

“እኛስ ተጠይቀናል?” ብሎ ጮኸ ሰዓት ሠሪው ከማዶ። “አንቀበልም! ገደ ቢሳችሁን ወዲያ ያዙልን!”

“አማችህ አይደለም እንዴ?” አለ ሊቀመንበሩ። “የቤተሰብ ነገር ነው፤ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።”

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር። “ካሸነፍን... ተመልሼ አልመጣም ማለት ነው?”

“ለክለቡ ሲባል ነው።”

“ግድግዳው ጋ እንኳ?”

“ግድግዳው ጋ እንኳ።”

ሜትሩን ጠቅልሎ ጨረሰ። “ማሸነፋችን ግን እርግጥ ነው?”

“አንተ ከሌለህ ምን ያግደናል?” አለ ሊቀመንበሩ፤ ክፋት አልነበረውም፣ አምኖ ነው የተናገረው። ልብስ ሰፊውም አምኖ ፈረመ።

የጠላት ማልያ አልገዛም ብሎ ራሱ ሊሰፋው ተቀመጠ። ክሩን በቺፑዱ በላይ አሻግሮ “ግራጫ ነው?” አለ።

“ግራጫ ነው።”

“እርግጠኛ ነህ? ነጭ ካለባት አሁንም ከዱቄት ጋር ነኝ ማለት ነው፣ ነገሩ ይበላሻል።”

“ግራጫ ነው ጋሼ።”

መኪናው ይነሳል፣ ይቆማል። ይነሳል፣ ይቆማል። ሰዓት ሠሪው ያን ቀን አንዲት የሴት ሰዓት ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠመ። ሰውዬው ክለቡን ለማዳን ከክለቡ ለመባረር እየጸለየ ነው። ይህን ለማንም ሲሚንቶ ቢነግር ከሳቅ የሚተርፍ አልነበረም፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

እሑድ ሁለቱ አማቾች ግራጫ ለብሰው በሲሚንቶዎች መሀል ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ እንደ እንግዳ አፉን ከፍቶ ያያል።

“ሜዳው ይሄን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?” አለ። ቀጥሎ በጣቱ እያመለከተ “ያ ቁመታሙስ ማነው?”

“የእናንተ ተከላካይ ነው እንጂ። ዘጠኝ ዓመት ተጫውቷል።”

“እሱ ነው? እኔ በሰው ጩኸት አጭር አድርጌው ነበር” አለ፤ ዓይኑን ከልጁ ላይ ማንሳት አቃተው። ከዚያ ግዴታው ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠርጎ “በርታ ሲሚንቶ!” አለ። ድምፁ የታማሚ ድምፅ ነበር።

በሠላሳኛው ደቂቃ ዱቄት አገባ። ኳሷ ከቁመታሙ ልጅ እግር ስትወጣ፣ በሁለት ሰው መሀል ስትሾልክ፣ መረቡን ስትገፋ፣ ልብስ ሰፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻዋ አያት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስትገባ ያያት የመጀመሪያዋ ናት። መጮህ ክልክል ነው፣ ማጨብጨብም እንዲሁ። በሁለት እጁ አፉን አፍኖ ቁጭ ብሎ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ከኋላቸው የተቀመጠ አንድ ግንበኛ የሲሚንቶ መመራት ያስለቀሰው መስሎት “አይዞህ አባቴ፣ ገና ነው፣ እናገባለን” ብሎ ጀርባውን ደባበሰው።

“እሺ” አለ ልብስ ሰፊው። ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ጆሮ ጠጋ አለና “አየህ፣ ሠራ። በቃ፣ ከእናንተ ጋር ቀረሁ” አለው። ፊቱ ላይ ደስታውና ሐዘኑ ተቀላቅሎበት ሰዓት ሠሪው ማየት ከበደው።

ይህን ሰው አንገቱን ሲደፋ ለማየት ስንት ዓመት ጠብቋል! አሁን ግን ለአንድ አፍታ “ግድ የለም፣ አንድ ለባዶ ይለቅላቸው” ብሎ አሰበ። ሐሳቡን ሰው የሰማበት መስሎት ግራና ቀኙን አየ።

አላለቀላቸውም። በሰባኛው ደቂቃ ሲሚንቶ አቻ አደረገ። በባከነው ሰዓት ደግሞ፣ ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ አንዱ ሲሚንቶ በግንባሩ ገጭቶ አስገባት። ግንበኛው ልብስ ሰፊውን ከመቀመጫው ብድግ አድርጎ አቀፈው፤ “አልኩህ አይደል አባቴ!” እያለ እንደ ከረጢት ነቀነቀው። ልብስ ሰፊው በግንበኛው ትከሻ ላይ አገጩን አስደግፎ ማዶ ማዶውን ያያል። ነጭ የለበሱት አንድ በአንድ ይቀመጣሉ። ዱቄት ወረደ። ሰዓት ሠሪው መዝለሉን ረስቶ ቆሞ ነበር።

“እንዴት ይሆናል?” አለ ልብስ ሰፊው መሬት ሲረግጥ። “እኔ እዚህ እያለሁ?”

ማክሰኞ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተሙ ሁለት ነው። “በእሑዱ ጨዋታ እርስዎ የደገፉት ቡድን ያሸነፈ በመሆኑ፣ ከገደ ቢስነት ነፃ መሆንዎ በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል። ለደረሰብዎ እንግልት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ወደ ክለብዎ ተመልሰው፣ ፊትዎን ወደ ሜዳው አድርገው በክብር እንዲቀመጡ እንጋብዛለን።” ሊቀመንበሩ አንብቦ ሲጨርስ ጨበጠው፤ ሰው ሁሉ “እንኳን ደስ አለህ” አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፋ። ረቡዕ ጠፋ፣ ሐሙስም ጠፋ። ሰዓት ሠሪው የገዛ ሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ማለት ራሱን ያዞረው ጀመር። ለአማቹ ያዘጋጀው የአንድ ዓመት ስድብ ነበር፤ ምላሱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት እህቱ መጣች። “ምግብ እንቢ ብሏል፣ ወሬ እንቢ ብሏል” አለችው በሹክሹክታ። “ቢያለቅስ በወጣለት ነበር። ሠርጌ ላይ ያለቀሰ ሰውዬ ዛሬ እንባ አጣ። አንተ አንድ ነገር በለው።”

“ምን ልበለው?” አለ። ቢሆንም በቺፑዱ በላይ “ጋሼ” ብሎ ተጣራ። “ጋሼ፣ ከገደ ቢስነት ነፃ ወጣህ እኮ። ምን ሆነህ ነው?”



“ሃያ ስድስት ዓመት” አለ ልብስ ሰፊው ከማዶ። “ስንት ጎል ይመስልሃል? ሁሉም ከጀርባዬ ገቡ። አንዱን እንኳ ሳላይ። ለምን ነበር? ብዞርም ባልዞርም ያው ከሆነ፣ እኔ እዚያ የቆምኩት ለምን ነበር? ግድግዳ ሳይ ኖርኩ እኮ! ትርፍ አንጀቴም...” እጁን ጎኑ ላይ አደረገ። “ትርፍ አንጀቴም ለካ ትርፍ አንጀት ብቻ ነበር።”

እህትየው ደጃፉ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ያዘ፣ ተነሳ፣ ቺፑዱን ዞሮ ገባ። በሥራ ሰዓት ወደዚያኛው ወገን ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

“ማልያዋን አምጣት።”

“ምን ያደርግልሃል?”

“አምጣት አልኩህ ጋሼ።”

ልብስ ሰፊው ከጨርቅ ክምር ሥር ጎትቶ አወጣት። ሰዓት ሠሪው መስኮቱ ጋ ሄዶ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ። ትከሻውን አየ፣ ጎኑን አየ፣ እጅጌውን ገልብጦ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት አየ። ክሩ ግራጫ ነበር። ላዩም ግራጫ፣ ውስጡም ግራጫ። ዓይኑ የደከመ ሰው፣ እያለቀሰ፣ እንዲህ የቀና ስፌት እንዴት እንደሰፋ ገረመው። አንዲት ነጭ አልነበረባትም።

“ጋሼ” አለ ማጉያውን ሳይነቅል። “የዚያን ለት ያሳየኸኝ የላዩን ክር ነው አይደል?”

“አዎ።”

“የታች ክሩንስ? መኪናው ሆድ ውስጥ ያለውን ለውጠኸው ነበር?”

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። “ለውጫለሁ መሰለኝ። ለውጬ... ምነው?”

“አልለወጥከውም። ብብቱ ሥር፣ ከውስጥ በኩል ነጭ ነው።”

“ነጭ?”

“ነጭ።”

ልብስ ሰፊው ማልያዋን ነጥቆ ከአፍንጫው ጋር አስጠጋት፣ አራቃት፣ ምንም አልታየውም። ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷም ቀርባ ስፌቱን አየች፤ ከዚያ ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ መስኮቱን ያያል።

“ነጭ ነው” አለች። “ኧረ እንዲያውም በደንብ ይታያል።”

ልብስ ሰፊው እንባው ዱብ ዱብ አለ። “በለው!” አለ። “ከላይ ሲሚንቶ፣ ከውስጥ ዱቄት! ታዲያ ምን ይደረግ፣ ገደ ቢስነቴ እኔን ትቶ የት ይሄዳል? ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ከእኛ ጋር ነበርኩ እኮ! እኔ ነኝ! ክለቡን ያወረድኩት እኔ ነኝ!” ደረቱን በእጁ መታ። “ሚስቴ፣ የሚበላ ነገር አለ?”

ከሰዓት በኋላ ማልያዋን በብብቱ ሸጉጦ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። ነፃ ያወጡትን ደብዳቤ መለሰ፤ “ተሽሯል” ተብሎ ማኅተም ካልተመታበት አልሄድም ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተመታለት። አሁን ዱቄት በታችኛው ዲቪዚዮን ጉድጓድ በበዛበት ሜዳ ሲጫወት እሱ እንደ ድሮው ግድግዳውን ያያል። የታችኛው ዲቪዚዮን ግድግዳ ከበፊቱ እንደሚያንስ ይናገራል፤ ቢሆንም ይበቃል።

ሰዓት ሠሪው ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ደብዳቤው ከተሻረ በኋላ በመጣው ሰኞ አንድ ደንበኛ፣ የታወቀ ሲሚንቶ፣ ሰዓቱን ሊወስድ መጣና “ወይ ጉድ! ቀበርናቸው እኮ!” ብሎ መዳፍ ለመዳፍ ሊማታ እጁን ዘረጋ። ሰዓት ሠሪው እጁን ከማንሳቱ በፊት ወዲያ ማዶ የስፌት መኪናው ቆመ።

“ማን ቀበረ?” አለ ልብስ ሰፊው ከቺፑዱ በላይ። “እናንተ ያሸነፋችሁ መስሏችኋል? የታች ክር ነው ያሸነፈላችሁ! በነጭ ክር ሰፍቼ ገብቼ ነው! እኔ እያለሁ ሲሚንቶ የራሱ ድል ኖሮት ያውቃል? ካላመንክ አማቼን ጠይቀው። የራሳችሁ ሰው ነው፤ ከተወለደ ዋሽቶ አያውቅም።”

ደንበኛው ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረ። ሰዓት ሠሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ይህችን ድል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። የደንበኛው እጅ እንደተዘረጋ ነበር። እሱ ግን ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ።

“ነጭ ነበር” አለ።

ወዲያ ማዶ መኪናው መንጫጫት ጀመረ።